«ራን አፕ»፦ መዳረሻ ነው ወይስ የዋጋ ንረት?

በዛሬው የእንግሊዝኛ ገጻችን የምናየው አንድ አጭር ቃል ነው። ቃሉ አጭር ይሁን እንጂ ብዙ ሰው አሳስቷል፤ እኔንም ጭምር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቀን ጠዋት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ወረቀት ተለጠፈ። ሰው ተሰበሰበ። እንደ ልማዳችን «ማነው እንግሊዝኛ የሚችል?» ተባለና አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ተጠራ። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ማንም አይክደውም። ወረቀቱ «ኢን ዘ ራን አፕ ቱ ዘ ቬሪፊኬሽን» ብሎ ይጀምራል። ልጁ «ራን» መሮጥ፣ «አፕ» ወደ ላይ፣ «ቬሪፊኬሽን» ደግሞ የስም ማጣሪያ መሆኑን ያውቃል። ሦስቱን ገጣጠመና «ለማጣሪያው ሩጡ፣ ቶሎ ድረሱ ነው የሚለው» አለ።

ሰው ሮጠ። አንዲት እናት የሚሸጡትን ቲማቲም ለጎረቤት ጥለው፣ ሕፃን አዝለው እየሮጡ ደረሱ። በሩ ዝግ ነው። ዘበኛው «ዛሬ ምንም የለም» አላቸው። እሳቸው «እንግዲያው አልፎኛል» ብለው ተስፋ ቆርጠው ተመለሱ። ወረቀቱ የሚለው ግን «የማጣሪያው ቀን እስኪደርስ ባሉት ቀናት ከአካባቢው እንዳትርቁ» ነበር። እኚያ እናት በሳምንቱ ዕቃ ሊያመጡ ጁባ፣ ኮኞ ኮኞ ገበያ ሄዱ። ማጣሪያው የተደረገው በዚያው ቀን ነው። ስማቸውን ለማስመለስ ስንት ቀን እንደተመላለሱ እሳቸው ቢነግሯችሁ ይሻላል።

ልጁ እስከ ዛሬ ሲያያቸው አንገቱን ይደፋል። እውነቱን ለመናገር ግን ጥፋቱ የእሱ አይደለም። አስተማሪው እኔ ነበርኩ። ቃላቱን አንድ በአንድ አስተምሬዋለሁ፤ ሁለት ቃላት ሲጋጠሙ ሌላ ትርጉም እንደሚወልዱ ግን አላስተማርኩትም። ይህችን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚያ ነው።

አንዳንዱ ሰው «ማስታወቂያው በሌላ ቋንቋ ለምን አይጻፍም?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን የደቡብ ሱዳን የ2011 የሽግግር ሕገ መንግሥት እንግሊዝኛን የመንግሥት የሥራ ቋንቋና በሁሉም የትምህርት ደረጃ የማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎታል። ገበያ ላይ የጁባ አረብኛ ያዋጣናል፣ ቤታችን ውስጥ የየራሳችን ቋንቋ አለን፤ ፈተናው፣ ፎርሙ፣ ማስታወቂያውና ደብዳቤው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ወደ ቃሉ እንሂድ።

አንድ ቃል፣ ሁለት ትርጉም

ጋዜጣችን በፊደላችን ብቻ ስለሚታተም የእንግሊዝኛውን ሆሄ በስሙ እየጠራሁ እነግራችኋለሁ፤ መምህራን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፉት። «ራን አፕ» ስም ሲሆን አር፣ ዩ፣ ኤን፣ ከዚያ ሰረዝ፣ ከዚያ ዩ፣ ፒ ተብሎ ይጻፋል። ሰረዟን አትናቋት። ሰረዝ ካለችው ስም ነው። ሰረዝ ሳይኖር ሁለቱ ቃላት ተለያይተው ከተጻፉ አብዛኛውን ጊዜ ግስ ነው፤ ወደ ላይ መሮጥ፣ ባንዲራ መስቀል፣ ወይም ዕዳ መከመር ማለት ይሆናል። ለሱቅ ባለቤት እየቆየ የሚጠራቀም ዱቤ ያለበት ሰው «ራን አፕ» አድርጓል ይባላል፤ ሮጧል ማለት ግን አይደለም።

ስሙ ሁለት ዋና ዋና ትርጉሞች አሉት።

አንደኛው፦ አንድ ትልቅ ነገር ከመድረሱ በፊት ያለው ጊዜ።
ሁለተኛው፦ የዋጋ ወይም የቁጥር ፈጣን ጭማሪ።

ሁለቱ ምን ያገናኛቸዋል ብትሉ፣ የርዝመት ዝላይ የሚዘል ልጅን አስቡት። መስመሩ ላይ ቆሞ አይዘልም። ወደ ኋላ ሄዶ ይንደረደራል፣ ከዚያ ይዘላል። ያ መንደርደር በእንግሊዝኛ «ራን አፕ» ይባላል። በክሪኬት ጨዋታም ኳስ የሚወረውረው ሰው ከመወርወሩ በፊት የሚሮጣት ሩጫ ስሟ ይኸው ነው። ዝላዩ ምርጫ ይሁን፣ ፈተና ይሁን፣ በዓል ይሁን፣ ከእሱ በፊት ያሉት የዝግጅትና የግርግር ቀናት መንደርደሪያው ናቸው። እኛም በአማርኛ ንግግር ስንጀምር «እንደ መንደርደሪያ ይህን ልበል» እንላለን አይደል? እንግሊዞቹም ያሰቡት እንደኛው ነው። ሁለተኛው ትርጉም ደግሞ ቀላል ነው፤ ዋጋው ራሱ ወደ ላይ ሮጠ።

ታዲያ እንዴት እንለያቸው? ከቃሉ ቀጥሎ የመጣውን ትንሽ ቃል እዩ።

«ራን አፕ ቱ» ከሆነ መዳረሻ ነው። «ዘ ራን አፕ ቱ ዘ ኤግዛም» ማለት የፈተናው መዳረሻ ማለት ነው።

«ራን አፕ ኢን» ከሆነ ብዙ ጊዜ ጭማሪ ነው። «ኤ ራን አፕ ኢን ፕራይስስ» ማለት የዋጋ ንረት ማለት ነው።

ያ ልጅ «ቱ» የምትለዋን ቃል ቢያያትና ይህን ደንብ ቢያውቅ ኖሮ እኚያ እናት ቲማቲማቸውን አይጥሉም ነበር።

ስለ መዳረሻ የሚናገሩ ቃላት

እዚሁ ጁባ የሆነውን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 9 ቀን 2005 የሰሜንና የደቡብ ሱዳን የሰላም ስምምነት ናይሮቢ ላይ ተፈረመ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ከጃንዋሪ 9 እስከ 15 ቀን 2011 ድረስ የደቡብ ሱዳን ሕዝብ ሕዝበ ውሳኔ ሰጠ። 98.83 ከመቶ የሚሆነው ድምፅ ለነፃነት ሆነ። ጁላይ 9 ቀን 2011 አዲሷ አገር ታወጀች። ይህን ታሪክ ይዘን ቃላቱን አንድ በአንድ እንያቸው።

«ራን አፕ ቱ» እና «ሊድ አፕ ቱ»። ሁለቱ እኩያ ናቸው። «ራን አፕ» በእንግሊዝ አገር እንግሊዝኛ ይበዛል። ከሕዝበ ውሳኔው በፊት የነበሩት ወራት የሕዝበ ውሳኔው «ራን አፕ» ናቸው። የመራጮች ምዝገባ ከኖቬምበር 2010 አጋማሽ ጀምሮ የተካሄደው በዚያ ጊዜ ነው። በካርቱምና በሰሜን ይኖሩ የነበሩ ብዙ ደቡቦች በአውቶቡስና በአባይ ጀልባ ወደ አገራቸው የተመለሱትም ያኔ ነው። ለአማርኛችን የሚቀርበው «መዳረሻ» ነው፤ «የፋሲካ መዳረሻ» እንደምንለው። «ሰሞን» ግን ልክ አይመጣም። «የምርጫው ሰሞን» ስንል በፊቱንም፣ ዕለቱንም፣ በኋላውንም ልናጠቃልል እንችላለን፤ «ራን አፕ» ግን ከዕለቱ በፊት ያለውን ብቻ ነው።

«ኢቭ»። ኢ፣ ቪ፣ ኢ። ይህ የእኛ «ዋዜማ» ነው። በጥብቁ ትርጉም አንድ ቀን፣ ያውም የመጨረሻው ቀን ነው። ጁላይ 8 ቀን 2011 የነፃነቱ «ኢቭ» ነው። ያን ሌሊት የጁባ ሕዝብ ጎዳና ላይ ወጥቶ ነበር እኩለ ሌሊትን የተቀበለው። «ኦን ዚ ኢቭ ኦፍ» ብላችሁ ጻፉ እንጂ «ኢን» አትበሉ። አንዳንድ ጸሐፊ እንደኛው ዋዜማን ዘርጋ አድርጎ ለጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ይጠቀምበታል፤ ተማሪ ግን ፈተና ላይ በጥብቁ ቢይዘው አይጎዳም።

«ካውንትዳውን»። ቀንና ሰዓት ወደ ኋላ እየቆጠሩ መጠበቅ ነው። በ2011 ጁባ መሐል ከተማ ሊቀረው የሚገባውን ቀንና ሰዓት እየቆጠረ የሚያሳይ ሰዓት ቆሞ ነበር። ያ ሰዓት «ካውንትዳውን» ነው። የሚጠበቀው ነገር ቀኑ ካልታወቀ ይህን ቃል መጠቀም አይቻልም፤ ምን ተብሎ ይቆጠራል?

«ቢልድ አፕ»። በጥቂት በጥቂቱ እየተጠራቀመ የሚሄድ ነገር አለበት፤ ውጥረት፣ ጦር፣ ጉጉት። የምርጫ «ቢልድ አፕ» ሲባል ግለቱ እየጨመረ መሄዱን ይነግራል። ስለዚህ ዝም ብሎ ጊዜን ለመግለጽ ከ«ራን አፕ» ይልቅ ከበድ ይላል።

«ፕሬሉድ»። ሥሩ ላቲን ሲሆን ከዋናው በፊት የሚመጣ ጨዋታ ወይም ዜማ ማለት ነው። ጊዜን ሳይሆን ድርጊትን ነው የሚያመለክተው። ትንሹ ድርጊት ለትልቁ መግቢያ ሲሆን «ፕሬሉድ» ይባላል። የምዝገባው ወቅት ለሕዝበ ውሳኔው «ራን አፕ» ነው፤ የ2005ቱ የሰላም ስምምነት ግን ለነፃነቱ «ፕሬሉድ» ነበር ቢባል ያስኬዳል።

«አሄድ ኦፍ»። ቀላሉና ሁልጊዜ የሚያድነው ነው። «ከ… በፊት» ማለት ነው። ግራ የገባው ተማሪ «አሄድ ኦፍ» ወይም «ቢፎር» ብሎ ቢጽፍ ማንም አያርመውም።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። መዳረሻ የሚኖረው ደራሽ ሲኖር ነው። የደቡብ ሱዳን ምርጫ ለዲሴምበር 2024 ተቀጥሮ ነበር፤ በሴፕቴምበር 2024 ወደ ዲሴምበር 2026 ተራዘመ። በ2024 የወጡ ዜናዎች «ኢን ዘ ራን አፕ ቱ ዚ ኢሌክሽን» ሲሉ የትኛውን ቀን እያሰቡ እንደሆነ ካላወቃችሁ ዜናው ይምታታባችኋል። ስለዚህ ይህን ሐረግ ስታገኙ መጀመሪያ «ቀኑ መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ማስታወቂያ ከሆነም እንደዚሁ። ወረቀቱ ላይ ቀን ከሌለ ቀን መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ስለ ፈጣን ጭማሪ የሚናገሩ ቃላት

አማርኛችን በዚህ ረገድ ድሃ አይደለም። ጨመረ፣ ከፍ አለ፣ አሻቀበ፣ ናረ፣ ተሰቀለ፣ ተመነደገ፣ ሰማይ ነካ እንላለን። ሁሉም አንድ አይደሉም። «የቡና ዋጋ ናረ» ይባላል፤ «የልጄ ውጤት ናረ» ግን ጆሮ ይቆረቁራል። «ነጋዴው ተመነደገ» ይባላል፤ «ወባው ተመነደገ» አይባልም። እንግሊዝኛውም እንደዚሁ ነው። መዝገበ ቃላት ከፍቶ ከተደረደሩት አንዱን አንስቶ መለጠፍ አይሆንም።

«ራይዝ» እና «ኢንክሪስ»። የሁሉ አባት ናቸው። ፍጥነት አይናገሩም፣ ስሜት የለባቸውም። ጭማሪው ፈጣን መሆኑን ለመናገር «ሻርፕ» የሚለውን ቅጽል ጨምሩ፤ «ኤ ሻርፕ ራይዝ» ማለት ድንገተኛና ትልቅ ጭማሪ ነው።

«ጀምፕ»። በአንድ እርምጃ መዝለል ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2015 ደቡብ ሱዳን የፓውንዱን ቋሚ የምንዛሪ ተመን ስትተው፣ በመንግሥት ተመን ከ3 ፓውንድ በታች የነበረው አንድ ዶላር በአንድ ጊዜ ወደ 18 ፓውንድ ተኩል ገደማ ደረሰ። ይህ «ጀምፕ» ነው። ትናንት እዚህ ነበር፣ ዛሬ እዚያ ነው።

«ሶር»። ኤስ፣ ኦ፣ ኤ፣ አር። ክንፍ ዘርግቶ ከፍ ብሎ መብረር ነው። በደቡብ ሱዳን መንግሥት አርማ ላይ ያለውን ንስር አስታውሱ። «ሶር» ያደረገ ዋጋ ወጥቶ ወጥቶ እዚያው ላይ የሚንሳፈፍ ዋጋ ነው። ከምንዛሪው ለውጥ በኋላ፣ በኦክቶበር 2016 የአገሪቱ የዋጋ ግሽበት ከዓመት በፊት ከነበረው ጋር ሲነጻጸር ከ800 ከመቶ በላይ ደርሶ ነበር። ለዚህ «ሶር» ትክክለኛ ቃል ነው። ግን ተጠንቀቁ፤ ኤስ፣ ኦ፣ አር፣ ኢ ተብሎ የሚጻፈው ሌላ «ሶር» አለ፤ እሱ የቆሰለ ወይም የሚያም ማለት ነው። ድምፁ አንድ ነው፣ ሆሄው ይለያል።

«ስካይሮኬት»። እንደ ሮኬት ወደ ሰማይ መተኮስ ነው፤ የእኛ «ሰማይ ነካ» ነው። የጋዜጣና የወሬ ቃል ስለሆነ ለቢሮ ደብዳቤ አይመከርም።

«ስፓይክ»። መጀመሪያ ትርጉሙ ሹል ሚስማር ነው። በገበታ ላይ ቁጥሩ ድንገት ወጥቶ ድንገት ሲወርድ መስመሩ ሚስማር ይመስላል። ዝናብ ሲገባ ወባ ይበዛል፣ ዝናቡ ሲያባራ ይቀንሳል። ያ «ስፓይክ» ነው። ወጥቶ ያልተመለሰን ነገር «ስፓይክ» ማለት ስህተት ነው።

«ሰርጅ»። ኤስ፣ ዩ፣ አር፣ ጂ፣ ኢ። ሥሩ ላቲን ነው፤ «ተነሳ» ከሚል ቃል የመጣ ነው። ጉልበት አለበት፣ እንደ ማዕበል ይገፋል። መብራት ሄዶ በድንገት ሲመለስ ቴሌቪዥን የሚያቃጥለውን የኃይል ግፊት ታውቁታላችሁ? እሱ «ፓወር ሰርጅ» ይባላል። አሜሪካ በ2007 ወደ ኢራቅ ተጨማሪ ጦር ስትልክም ዘመቻው በዚሁ ስም ተጠርቶ ነበር። ድንገት፣ በብዛትና በኃይል ለሚመጣ ነገር ሁሉ ይሆናል።

«ሃይክ»። ይህ ከሌሎቹ የሚለየው የሰው እጅ ስላለበት ነው። ዋጋው በራሱ አልወጣም፤ አንድ አካል ወስኖ ጨመረው። የትምህርት ቤት ክፍያ ወይም የትራንስፖርት ታሪፍ ሲጨመር «ሃይክ» ይባላል። «ማነው የጨመረው?» ተብሎ መልስ ካለው «ሃይክ» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ተራራ ላይ በእግር መንሸራሸርም ስሙ ይኸው ነው።

«ቡም»። የሥራና የገበያ መድመቅ ነው፤ መልካም ቃል ነው። ከ2005ቱ ሰላም በኋላ ጁባ ውስጥ ሆቴሉ፣ ሱቁና ግንባታው ሲበዛ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም ለንግድ ሲመጡ «ቡም» ነበር። የበሽታ «ቡም» ግን አይባልም።

«ኤስካሌት»። ደረጃ በደረጃ እየከፋ መሄድ ነው፤ በተለይ ለጠብና ለጦርነት። ሁለት ልጆች በቃል ጀምረው በዱላ ከጨረሱ ጠቡ «ኤስካሌት» አድርጓል።

አማርኛችን የሚያጠምደን ቦታ

እኛ «ዋጋ ጨመረ» እንላለን፤ «ነጋዴው ዋጋ ጨመረ»ም እንላለን። «ጨመረ» ለሁለቱም ይሠራል። እንግሊዝኛ ግን ሁለት ቃል አለው። ነገሩ ራሱ ከፍ ሲል «ራይዝ» ነው። ሰው ከፍ ሲያደርገው «ሬይዝ» ነው። «ዘ ፕራይስ ሮዝ» ማለት ዋጋው ጨመረ ነው፤ «ዘ ትሬደር ሬይዝድ ዘ ፕራይስ» ማለት ነጋዴው ዋጋውን ጨመረ ነው። በየዓመቱ በፈተና ወረቀት ላይ የማርመው ስህተት ይኸው ነው፤ ምክንያቱም ልጆቹ ሰነፎች ስለሆኑ ሳይሆን አማርኛው ስለሚያታልላቸው ነው።

ከዚህ የባሰው ግን «ባይ» እና «ቱ» ናቸው። እነዚህ ሁለት ፊደል፣ ሁለት ፊደል ያላቸው ቃላት የራሽን ጉዳይ ናቸው። በኤፕሪል 2021 የዓለም የምግብ ፕሮግራም በገንዘብ እጥረት ምክንያት በደቡብ ሱዳን ላሉ ስደተኞችና ተፈናቃዮች የሚሰጠውን ራሽን ከ70 ከመቶ ወደ 50 ከመቶ ዝቅ አድርጎ ነበር። ወደ 50 ሲወርድ «ቱ» ነው። የቀነሰው መጠን ግን 20 ነጥብ ነው፤ እሱ «ባይ» ይባላል። አሁን ቁጥሩን ቀይሩና አስቡት። ራሽን «ባይ 30 ፐርሰንት» ተቀነሰ ከተባለ 70 እጅ ይቀራችኋል። «ቱ 30 ፐርሰንት» ተቀነሰ ከተባለ ግን የሚቀራችሁ 30 እጅ ብቻ ነው። የአንዲት ቃል ልዩነት ወደ ግማሽ ወር የሚጠጋ እራት ነው።

ለጭማሪም እንደዚያው ነው። ቅድም ግሽበቱ ከ800 ከመቶ በላይ ነበር ብያለሁ። ሒሳቡን እንሥራው። ዓምና በ100 ፓውንድ የተገዛ ዕቃ «ባይ 800 ፐርሰንት» ጨመረ ማለት 100 ላይ 800 ተደመረበት ማለት ነው፤ ዋጋው 900 ሆነ፣ ዘጠኝ እጥፍ። ስምንት እጥፍ አይደለም። የሒሳብ መምህራን፣ ይህን ጥያቄ ክፍል ውስጥ ብትሰጡት አትጠሉትም።

የብሩንም ነገር ያነሳን እንደሆነ፣ ኢትዮጵያ በጁላይ 2024 መጨረሻ ምንዛሪን ለገበያ ስትለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። ከመቶ በላይ ወጣ ስንል «ቱ» ነው፤ ከ40 ብር በላይ ጨመረ ስንል «ባይ» ነው። ሁለቱም እውነት ነው፤ ቁጥሩ ግን አይመሳሰልም።

ስለ ሰው ስንጽፍ

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲጀመር ብዙ ሰው ወደ ደቡብ ሱዳን ተሻገረ፤ በ2025 መጀመሪያ ላይ ከአንድ ሚሊዮን አልፎ ነበር። ከጁባ ወጣ ብሎ የሚገኘው ጎሮም የስደተኞች መንደር፣ ቀድሞ በአብዛኛው ከጋምቤላ የመጡ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት፣ ሕዝቡ በአጭር ጊዜ ብዙ እጥፍ ሆነ። ይህን የሚዘግቡ ጽሑፎች «ኢንፍላክስ»፣ «ፍለድ»፣ «ዌቭ» ይላሉ። ትርጉማቸው ፈሶ መግባት፣ ጎርፍ፣ ማዕበል ነው። ሦስቱም የውሃ ቃላት ናቸው።

እንግዲህ እኔ የሚሰማኝን ልናገር። «ኢንፍላክስ» በቢሮ ጽሑፍ የተለመደ ስለሆነ ስታነቡት አትቀየሙ። ስትጽፉ ግን «ፍለድ» አትበሉ። ጎርፍ የሚገደብ፣ የሚመለስ፣ የሚፈራ ነገር ነው። በዚያ መንገድ የመጣ ሰው ጎርፍ አይደለም፤ እናት ነው፣ መምህር ነው፣ ከእኔና ከእናንተ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠ ተማሪ ነው። «ኒው አራይቫልስ» የሚል ቃል አለ፤ አዲስ የደረሱ ሰዎች ማለት ነው። ንጹሕ ቃል ነው። ብዛታቸውን መግለጽ ከፈለጋችሁ ደግሞ ቁጥር ጻፉ።

ሪፖርት ለሚጽፉ መምህራን

ክፍል ሞልቷል፣ ወንበርና መጽሐፍ ያስፈልጋል ብላችሁ ደብዳቤ ስትጽፉ «ዘ ናምበር ኢንክሪስድ» ብቻ ብትሉ አንባቢው ሁለት ልጅ ነው ወይስ ሁለት መቶ የተጨመረው አያውቅም። «ስካይሮኬትድ» ብትሉ ደግሞ የተጋነነ ይመስለዋል። እንበልና 50 ተማሪ የነበረበት ክፍል በአንድ ወር 120 ሆነ። እንዲህ ጻፉ፦ ከስንት ተነሳ፣ ስንት ደረሰ፣ በስንት ጊዜ ውስጥ። «ሮዝ ሻርፕሊ ፍሮም 50 ቱ 120 ኢን ዋን መንዝ» በቂ ነው። ቃሉ ይጠቁማል፣ ቁጥሩ ያስረዳል። ቁጥር የሌለው «ሰርጅ» ጩኸት ብቻ ነው፤ ጩኸት ደግሞ ወንበር አያመጣም።

መልመጃ

ለእያንዳንዱ የሚስማማውን የእንግሊዝኛ ቃል ወይም ሐረግ ስጡ።

1. ከፈተናው በፊት ያሉት አራት ሳምንታት።
2. ከገና በፊት ያለው ቀን።
3. በዝናብ ወቅት ወጥቶ ተመልሶ የወረደ የወባ ቁጥር።
4. ባለ ሚኒባሱ ራሱ ወስኖ የጨመረው ሒሳብ።
5. ራሽን ከ70 ወደ 50 ወረደ፤ ከ50 በፊት የሚገባው ትንሽ ቃል።
6. «ኤ ራን አፕ ___ ፉድ ፕራይስስ»፤ ባዶ ቦታው ላይ ምን ይገባል?

መልስ፦ 1. ራን አፕ ወይም ሊድ አፕ። 2. ኢቭ። 3. ስፓይክ። 4. ሃይክ። 5. ቱ። 6. ኢን።

ስድስቱንም ያገኘ ጎበዝ። ያላገኘም አይፈር፤ ተመልሶ ያንብብ።

በመጨረሻ አንድ ልመና አለኝ። ማስታወቂያ ሲለጠፍ ለአንድ ልጅ ብቻ አስነብባችሁ አትሩጡ። ሁለት ሰው ያንብበው፤ ካልተስማሙ ሦስተኛ ይጠየቅ። ቢሮው ሰው ካለውም «ምን ማለት ነው?» ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም። ተማሪዎች ደግሞ የማታውቁት ሐረግ ሲገጥማችሁ «አላውቀውም፣ ልጠይቅ» በሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ ያ ልጅ የሚለው እንዲህ ነው። በቅርቡ አንድ ወረቀት ተሰጥቶት ሁለቴ አነበበና «እማማ፣ ይቺን ቃል ቲቸርን ጠይቄ ልምጣ፤ እስከዚያ የትም እንዳይሄዱ» ሲላቸው ሰማሁት። እሳቸውም ቲማቲማቸውን ይዘው ቁጭ ብለው ጠበቁት።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።